ከተሰበረው በር በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት
በከተማ ዳርቻ ስላለ የወንጀል መጠንና የቤት ደኅንነት ለነዋሪዎች የቀረበ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ።

ሰው ቤት ሲገዛም ሆነ ሲከራይ ቀድሞ የሚጠይቀው «ሰፈሩ ሰላም ነው ወይ?» ብሎ ነው። መልሱንም አብዛኞቻችን ከአንድ ቁጥር እንጠብቃለን፤ የከተማው የወንጀል መጠን ስንት ነው፣ ካምናው ጨመረ ወይስ ቀነሰ፣ ከጎረቤት ከተማ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ቁጥሩ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን በከተማ ዳርቻ የሚገኝ ቤት አደጋ ላይ የሚወድቀው ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም። አደጋው የሚከማችባቸው ቀናትና መንገዶች አሉ፤ የወንጀል ጥናት ባለፉት አርባ ዓመታት ካስገኛቸው ጠቃሚ ነገሮች አንዱም እነዚህን ቀናትና መንገዶች አስቀድሞ ማወቅ እንደሚቻል ማሳየቱ ነው። የዛሬው ንግግራችን ወደዚያ ያመራል፤ ግን መጀመሪያ ስለ ቁጥሩ ጥቂት እንበል፣ ምክንያቱም ብዙ ፍርሃትም ብዙ መዘናጋትም የሚመጣው ከእሱ ነው።

የወንጀል መጠን የሚሰላው የተመዘገቡትን ድርጊቶች ለነዋሪው ብዛት አካፍሎ በ100,000 በማባዛት ነው። 8,000 ሰው የሚኖርበትን ከተማ እንውሰድ። በአንድ ዓመት 16 ቤቶች ተሰብረው ቢዘረፉ መጠኑ 200 ነው። በተከታዩ ዓመት 24 ቢሆኑ 300 ይደርሳል፤ ዜናውም «የቤት ስርቆት በ50 በመቶ ጨመረ» ይላል። የተጨመረው ስምንት ቤት ነው። አንድ ሌባ ወይም ሁለት ጓደኛሞች በጥቂት ሳምንታት ሊሠሩት የሚችሉት ነው። እንዲህ ያለ ትንሽ ቁጥር በራሱ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ለመገመት ስኩዌር ሩቱን ማውጣት ይበቃል። የ16 ስኩዌር ሩት 4፣ የዚያ እጥፍ ደግሞ 8 ነው። እንግዲህ በከተማው ውስጥ ምንም ነገር ሳይለወጥ የዓመቱ ቁጥር ከ8 እስከ 24 ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል። ስርቆቶች ተከታትለው የመምጣት ጠባይ ስላላቸው እውነተኛው ስፋት ከዚህም ይበልጣል። ስለዚህ ለትንሽ ከተማ የአንድ ዓመትን ለውጥ ትታችሁ የሦስት ወይም የአምስት ዓመት አማካይ ተመልከቱ።

አካፋዩም ያሳስታል። በከተማው ዳር ትልቅ የገበያ ማዕከል ካለ፣ ከሌላ ቦታ መጥቶ የሸመተ ሰው የተሰረቀበት ዕቃ በከተማው ወንጀል ላይ ይደመራል፤ ሰውየው ግን ከነዋሪው ጋር አይቆጠርም። የቤት ስርቆትን ለማወዳደር ትክክለኛው አካፋይ የቤቶች ቁጥር ነው፣ የመኪና ስርቆትን ደግሞ የመኪናዎች ቁጥር። የአገሪቱን የወንጀል አኃዝ የሚያወጣው የአሜሪካው የምርመራ ቢሮ ኤፍ ቢ አይ ራሱ አኃዞቹን ከተሞችን በደረጃ ለመደርደር እንዳይጠቀሙባቸው ያስጠነቅቃል። «ደኅንነታቸው የተረጋገጠ አሥር ከተሞች» የሚሉ ዝርዝሮች የሚሠሩት ግን ከነዚሁ አኃዞች ነው።

በመዝገብ የገባውና የሆነው ነገርም አንድ አይደሉም። በዚህ ምክንያት አሜሪካ ከ1973 እ.ኤ.አ.፣ ብሪታንያም ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፖሊስን ሳይሆን ነዋሪውን በቀጥታ «ባለፉት ወራት ምን ደረሰባችሁ?» ብለው የሚጠይቁ ጥናቶችን ያካሂዳሉ። ሪፖርት ያልተደረገውን ወንጀል የምናየው በነዚህ ነው። የመመዝገቢያ ደንብ ሲለወጥም ቁጥሩ አብሮ ይለወጣል። በአሜሪካ የቀድሞው አሠራር በአንድ ክስተት ብዙ ወንጀሎች ቢፈጸሙ ከባዱን ብቻ ይቆጥር ነበር፤ ከጥር 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተተካው አሠራር ሁሉንም ይመዘግባል። በእንግሊዝና ዌልስ ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ. የፖሊስ ተቆጣጣሪው አካል ባደረገው ምርመራ ለፖሊስ ከተነገሩት ወንጀሎች 19 በመቶ ያህሉ ሳይመዘገቡ ቀርተው ተገኝተዋል። የከተማችሁ ቁጥር በድንገት ሲዘል እንግዲህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የአቆጣጠሩ ደንብ ተለውጧል ወይ?» የሚለው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

የወንጀል ተመራማሪው ላውረንስ ሼርማንና ባልደረቦቹ በአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ከተማ አድርገው በ1989 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት በአንድ ዓመት ውስጥ ለፖሊስ የተደወሉትን ጥሪዎች በአድራሻ ለይቶ ቆጠረ። ከጥሪዎቹ ግማሽ ያህሉ የመጡት ከከተማው አድራሻዎች 3 በመቶ ከሚሆኑት ብቻ ነበር። «መጥፎ ሰፈር» ተብሎ በሚጠራው ውስጥ እንኳ ችግሩ በሁሉም ቤት ላይ እኩል አይደለም። ወንጀል በሰፈር ላይ እንደ ዝናብ እኩል አይወርድም፤ አንድ ጥግ ላይ ይጠራቀማል።

በጊዜም ይጠራቀማል። አንድ ጊዜ የተሰረቀ ቤት እንደገና የመሰረቅ ዕድሉ ካልተሰረቀው ጎረቤቱ ይበልጣል፤ ይህ አደጋ ከፍተኛ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ሲሆን ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይሄዳል። ብዙ ሰው «አንዴ መጥተው ወስደዋል፣ ከእንግዲህ ምን ሊሹ ይመጣሉ?» ብሎ ያስባል። ሌባው ግን የሚያውቀው ብዙ ነገር አለ። የትኛው መስኮት እንደሚከፈት ያውቃል፣ ክፍሎቹን ለይቷል፣ መሸከም አቅቶት የተወውን ዕቃ ያስታውሳል፣ ለተወሰደው ቴሌቪዥን ምትክ በቅርቡ እንደሚገዛም ይገምታል። የማያውቀውን ቤት ከመሞከር ይህ ይቀለዋል። ሌላም ምክንያት አለ፤ ቤቱን ለመጀመሪያው ሌባ ያጋለጠው ነገር፣ ማለትም ከመንገድ የማይታየው የጓሮ በር፣ ሁለተኛውንም ሌባ ይጋብዛል።

አደጋው ወደ ጎረቤትም ይሻገራል። በእንግሊዝ፣ በአውስትራሊያና በሌሎች አገሮች በ2000ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ አንድ ቤት ሲሰረቅ በ200 ሜትር ገደማ ዙሪያ ያሉ ቤቶች አደጋ ለሁለት ሳምንት ያህል ከፍ ይላል። በተለይ በአንድ ጊዜ በአንድ ዓይነት ፕላን የተሠሩ ቤቶች ባሉበት ዳርቻ ይህ ይጎላል፤ አንዱን ከውስጥ ያየ ሁሉንም እንዳየ ነው። ሁለት መቶ ሜትር፣ ሁለት ሳምንት። ከዛሬው ንግግር ሁለት ቁጥር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ እነዚህ ቢሆኑ እንመርጣለን።

ይህ እውቀት በተግባር ምን ያህል እንደሚሠራ ጥሩ ማሳያው በእንግሊዝ በማንቸስተር አጠገብ፣ በሮችዴል ከተማ ያለው የኪርክሆልት የመኖሪያ ሰፈር ነው። ከ2,200 የሚበልጡ ቤቶች ያሉት ይህ ሰፈር በ1980ዎቹ አጋማሽ በቤት ስርቆት የተቸገረ ነበር። እዚያ የሠሩት ሰዎች ሁሉንም ቤት በአንድ ጊዜ ለማጠናከር አልተነሡም፤ አቅሙም አልነበረም። ያደረጉት የተሰረቁትን ቤቶች ብቻ መከተል ነው። በተሰረቀው ቤት የተሰበረውን በርና መስኮት ወዲያው አጠናከሩ፤ ጥሬ ገንዘብ የሚጠራቀምባቸውን የሳንቲም የኤሌክትሪክና የጋዝ ቆጣሪዎች አስነሡ፤ በዙሪያው ያሉ ስድስት ያህል ጎረቤቶችም ቤቱን በዓይናቸው እንዲጠብቁ ስምምነት አደረጉ። በሦስት ዓመት ገደማ የሰፈሩ የቤት ስርቆት በሦስት አራተኛ ያህል ወረደ።

ስለዚህ በመንገዳችሁ ላይ አንድ ቤት ሲሰረቅ ምን ይደረግ? ባለቤቱ በሩን ተከፍቶ ካገኘው አይግባ፤ ሌባው ውስጥ ሊኖር ይችላል። ራቅ ብሎ ፖሊስ ይጥራ። ፖሊስ አይቶ ከጨረሰ በኋላ የተሰበረው ቦታ በዚያው ቀን ይጠገን፣ «ቅዳሜ አናጢ ይመጣል» ተብሎ በካርቶን ተሸፍኖ አይደር። ሲጠገንም ወደነበረበት መመለስ አይበቃም፤ የነበረው ነው የተሸነፈው። ትርፍ ቁልፍ ከጠፋ ቁልፍ የሚገባበት የበሩ ሲሊንደር ይቀየር። ከዚያ በግራና በቀኝ፣ በፊት ለፊትና በጀርባ ያሉት ጎረቤቶች በዚያው ምሽት ይነገራቸው፤ በየት በኩል እንደገባ፣ በስንት ሰዓት መካከል እንደሆነ፣ ምን እንደወሰደ። ነገሩን በኀፍረት ደብቆ መያዝ ጎረቤትን ያጋልጣል። ጎረቤቶቹም ለሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት የጓሮ በራቸውንና የጋራዣቸውን ቁልፍ በየምሽቱ ይፈትሹ፤ ጉዞ ያለው ሰው ካለ ቤቱን የሚያይለት ሰው ሳይመድብ አይሂድ።

ስለ ቤቱ ራሱ ስንነጋገር ብዙዎች መጀመሪያ ስለ ካሜራ ይጠይቃሉ። እኛ ከበሩ እንጀምራለን።

ከበሩም በፊት ግን መቆለፍ አለ። በኤፍ ቢ አይ የ2019 እ.ኤ.አ. አኃዝ መሠረት ለፖሊስ ከተነገሩት ሰርጎ ገብ ስርቆቶች 37.8 በመቶው ምንም ሳይሰበር የተፈጸሙ ናቸው፤ በሩ ወይም መስኮቱ ክፍት ነበር። ቁልፍን በምንጣፍ ሥር ወይም በአበባ ማሰሮ ውስጥ መተውም ከዚሁ የሚቆጠር ነው።

የተቆለፈ በር በርግጫ ወይም በትከሻ ሲመታ ብዙውን ጊዜ የሚሸነፈው ቁልፉ አይደለም፤ መቃኑ ነው። የቁልፉ ምላስ የሚገባበት ቀጭን የብረት ሳህን አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሴንቲሜትር ብሎን የታሰረ ስለሆነ የሚይዘው የመቃኑን የላይ እንጨት ብቻ ነው። አንድ ጠንካራ ምት እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ሳህኑን በወፍራምና ረዘም ባለ መለወጥ፣ ከዚያም መቃኑን አልፎ ከኋላው ያለውን የግድግዳ እንጨት በሚይዝ 75 ሚሊሜትር ብሎን ማሰር። ግድግዳው ግንብ ከሆነ መቃኑ ራሱ በረጃጅም ብሎንና በፊሸር በየጎኑ ቢያንስ በሦስት ቦታ ከግንቡ ጋር ይያዝ። የቁልፉ ምላስ ወደ መቃኑ 25 ሚሊሜትር ያህል መግባት አለበት። በሳንቃውና በመቃኑ መካከል ያለው ክፍተት ከ3 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ አድርጉ፤ ከዚያ ከሰፋ መፈልቀቂያ ብረት ይገባል።

በአውሮፓ የተለመደው ሲሊንደር ያለው በር ከሆነ፣ ሲሊንደሩ ከእጀታው ሳህን ከ3 ሚሊሜትር በላይ ወጥቶ እንደሆነ በጣታችሁ ዳስሱ። የወጣ ሲሊንደር በፒንሳ ተይዞ በሰከንዶች ይሰበራል፤ ትክክለኛው ርዝመት ያለው፣ ስብራትን እንዲቋቋም የተሠራ ሲሊንደር ይተካው። ማጠፊያዎቹ ወደ ውጭ ከሆኑ የማጠፊያው ዘንግ ተመቶ ሊወጣ ስለሚችል፣ በሩ ሲዘጋ ወደ መቃኑ የሚገቡ የብረት ጥርሶች በማጠፊያው በኩል ይጨመሩ። ከጋራዥ ወደ ቤት የሚያስገባው በር ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ግንበኞች እንደ ውስጥ በር ቆጥረው ባዶ ሆድ ያለው ሳንቃ ያደርጉለታል። ጋራዡ አንዴ ከተከፈተ ግን እሱ የውጭ በር ነው፤ ሌባውም እዚያ ሆኖ ማንም ሳያየው፣ በእናንተው መሣሪያ ይሠራል።

ተንሸራታች የመስታወት በር ሁለት ድክመት አለው። ቁልፉ ደካማ ነው፤ ለዚህ በታችኛው ሐዲድ ልክ የተቆረጠ ጠንካራ በትር ማጋደም ይበቃል። ሁለተኛው ደግሞ ሳንቃው ወደ ላይ ተነሥቶ ከሐዲዱ ሊወጣ ይችላል፤ ለዚህ ከላይኛው ሐዲድ ጥቂት ብሎኖች ገባ ብለው ክፍተቱን ያጥብቡ። መስታወትን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ለሰው ደኅንነት የተሠራው በሙቀት የጠነከረ መስታወት ሲመታ በአንዴ ወደ ጥቃቅን ፍርፋሪ ይለወጣል፤ ሰው አይቆርጥም፣ ሌባን ግን አያግድም። የሚያግደው በሁለት መስታወት መካከል የፕላስቲክ ሽፋን ያለው ድርብ መስታወት ነው፤ 6.4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሲመታ ይሰነጠቃል እንጂ ቶሎ ቀዳዳ አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ እናሳስባለን። መውጫችሁን አትዝጉ። ከውስጥም በቁልፍ ብቻ የሚከፈት በር፣ ወይም ከውስጥ የማይከፈት የመስኮት ፍርግርግ በእሳት ጊዜ ሰው ይገድላል። ፍርግርግ ካደረጋችሁ በየመኝታ ክፍሉ ቢያንስ አንዱ ያለ ቁልፍ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን፤ ልጆችም መክፈቱን ይልመዱ።

ይህ ሁሉ ልፋት ዋጋ እንዳለው ከኔዘርላንድስ የተገኘ ጥሩ ማስረጃ አለ። አገሪቱ ከጥር 1 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ ቤቶች ሁሉ ሰብሮ መግባትን የሚቋቋሙ በሮችና መስኮቶች እንዲገጠሙ ደንግጋለች። በአዲሶቹ ቤቶች በዓመት የመሰረቅ ዕድል ከ1.1 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወረደ፤ የአንድ አራተኛ ያህል ቅናሽ መሆኑ ነው። ማንም ሰው በየቀኑ ምንም ሳያስታውስ፣ እንጨቱና ብረቱ ብቻ ያመጡት ለውጥ ነው።

ከአጥር ወደ ውጭ ስንወጣ ዋናው ነገር መታየት ነው። በመንገዱና በቤቱ መካከል ያሉ ቁጥቋጦዎች ከ1 ሜትር እንዳይበልጡ፣ የዛፎች ቅርንጫፍ ደግሞ ከ2 ሜትር በታች እንዳይወርድ አድርጉ፤ በመካከሉ ዓይን የሚያልፍበት ቦታ ይኖራል። ፊት ለፊት ያለ ረጅም ግንብ አጥር ብዙ ሰው እንደ መከላከያ ያየዋል። አንዴ የዘለለውን ግን ከጎረቤት ዓይን ይሰውረዋል። ረጅሙ አጥር በጓሮ በኩል፣ ዝቅተኛው በፊት በኩል ቢሆን ይሻላል። መሰላልም ውጭ አይደር።

የመንገድ መብራት ይረዳል። በኒው ዮርክ በ2016 እ.ኤ.አ. በመንግሥት መኖሪያ ሕንፃዎች አካባቢ በዕጣ ተመርጦ ተጨማሪ መብራት ሲተከል በሌሊት ከቤት ውጭ የሚፈጸሙ ከባድ ወንጀሎች በ36 በመቶ ያህል ቀንሰዋል። ሆኖም አተካከሉ ይወስናል። ወደ ጎን የሚረጭ ኃይለኛ መብራት የተመልካቹን ዓይን ያጥበረብርና ከጀርባው ጥቁር ጥላ ይፈጥራል፤ ሌባው የሚቆመው እዚያ ነው። መብራቱ ወደ ታች ያብራ፣ ስርጭቱም እኩል ይሁን። ደግሞም መብራት ለሌሊት ነው፤ የከተማ ዳርቻ ቤት ደግሞ ባዶ የሚሆነው ሁሉም ሥራና ትምህርት ቤት በሄደበት በቀን ነው። ኮኸንና ፌልሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1979 እ.ኤ.አ. ያሉት ይህንኑ ነው፤ ለወንጀል ፈቃደኛ ሌባ፣ የሚመች ዕቃና የጠባቂ መጥፋት በአንድ ቦታ በአንድ ሰዓት መገናኘት አለባቸው። በ2020 እ.ኤ.አ. ሰው በወረርሽኙ ምክንያት ቤቱ ሲውል ይህ በዓለም ፊት ታየ፤ 27 ከተሞችን ያነጻጸረ ጥናት የቤት ስርቆት በአማካይ በ28 በመቶ መውረዱን አግኝቷል። ከቤት የሚሠራ ወይም ጡረታ የወጣ ጎረቤት ለመንገዱ ትልቅ ሀብት ነው።

ካሜራ ማስረጃ ይሰበስባል፤ ብቻውን ግን ብዙ አያስቀርም። ለዓመታት የተሠሩ ጥናቶችን የሰበሰበ የ2019 እ.ኤ.አ. ግምገማ በአጠቃላይ 13 በመቶ ቅናሽ አግኝቷል፤ ጥሩ የሠራውም በመኪና ማቆሚያዎች ነው። ከተከላችሁ ከፍታው 2.5 ሜትር ገደማ ይሁን፤ ከጣሪያ ሥር የተሰቀለ ካሜራ የሚያሳየው ኮፍያ ብቻ ነው። ሰዓቱ ትክክል መሆኑን ፈትሹ፣ ፀሐይን እንዳይጋፈጥ አድርጉ፣ ወደ ጎረቤት መስኮትም አታዙሩት።

የነዋሪዎች የጥበቃ ቡድን ወንጀልን እንደሚቀንስ የተሰበሰቡት ጥናቶች ያሳያሉ፤ የቅናሹ መጠን ከ16 እስከ 26 በመቶ ይገመታል። ቡድኑ የሚበላሸው ድርጊትን ትቶ ሰውን መከታተል ሲጀምር ነው። «የማናውቀው ሰው በመንገዳችን አለፈ» የሚል መልእክት ፖሊስን ያደክማል፣ ምንም ያላጠፋ ሰውንም ያዋርዳል፤ አንዳንዴም ለሕይወት ያሰጋል። ጻፉ ከተባለ የሚጻፈው ድርጊት ነው። «ከቀኑ 5 ሰዓት ላይ አንድ ሰው ሦስት በር አንኳኳ፣ መልስ ሲያጣ በጎን በኩል ወደ ጓሮ ዞረ፣ በነጭ ሚኒባስ ወደ ሰሜን ሄደ፣ ሰሌዳው ይህ ነው።» መልክና ልብስ የሚጨመረው ከድርጊቱ በኋላ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ከፖሊስና ከማዘጋጃ ቤት ምን ትጠይቁ? የዓመቱን መጠን ሳይሆን ካርታውን። እያንዳንዱ የቤት ስርቆት በየት መንገድ፣ በየትኛው ቀን፣ በየት በኩል ተገብቶ እንደተፈጸመ የሚያሳይ፣ የቤት ቁጥር የሌለበት ካርታ በየሳምንቱ ይውጣ። ሰዓቱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ባለቤቱ ጠዋት 2 ሰዓት ወጥቶ ከቀኑ 10 ሰዓት ቢመለስ ድርጊቱ በነዚያ ስምንት ሰዓታት መካከል መሆኑ ብቻ ነው የሚታወቀው። ብዙ መዝገቦች የተገኘበትን ሰዓት ይጽፋሉ፤ ከዚያም ስርቆት ሁሉ ወደ ማታ የሚፈጸም ይመስላል፣ ጥበቃውም ለማታ ይመደባል። ትክክለኛው አሠራር ለስምንቱ ሰዓታት ለእያንዳንዳቸው አንድ ስምንተኛ መስጠት ነው፤ ሃያ ሠላሳ ስርቆቶች እንዲህ ሲደመሩ እውነተኛው ሰዓት ብቅ ይላል። ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ይህ ነው፤ አንድ ቤት በተሰረቀ በ24 ሰዓት ውስጥ በ200 ሜትር ዙሪያ ላሉት ቤቶች የሚነግረው ማን ነው? የሥራው ኃላፊ በስም ካልተመደበ፣ ጎረቤቱ የሚሰማው ሁለቱ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ነው።